በካላዛር መርፌ ጊዜ የሚመጣ የሆድ ሕመምና የቆሽት ምርመራ

በሾዋክና በአካባቢዋ ባሉ ካምፖች የምትኖሩ ወገኖቻችን፣ የዛሬው ትምህርታችን የካላዛር መርፌ በሚወሰድበት ጊዜ ስለሚመጣ የሆድ ሕመም ነው። ሕመሙ ከቆሽት መምጣቱን የሚለይ የደም ምርመራ ስላለም እሱን እናስረዳችኋለን።

ካላዛር ለእኛ እንግዳ በሽታ አይደለም። ከመተማና ከሁመራ ቆላ ጀምሮ እስከ ገዳሪፍ ድረስ አለ። የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ናት። ይህች ዝንብ ከወባ ትንኝ ታንሳለች፣ ድምፅም የላትም፤ የሚሰነጣጠቅ ጥቁር አፈርና ሱዳኖች ጠልሕ የሚሉት ግራር ባለበት ትኖራለች፣ በሌሊትም ትነክሳለች። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና መክሳት የበሽታው ምልክቶች ናቸው። ካልታከመ ይገድላል።

ለሕክምናው ለብዙ ዓመታት ሲሰጥ የኖረው ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት የተባለው መርፌ ነው። ለብቻው ሲሰጥ 30 ቀን ይወስዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ለምሥራቅ አፍሪካ ይህንኑ መርፌ ፓሮሞማይሲን ከተባለ ሌላ መርፌ ጋር ለ17 ቀን መስጠትን መክሯል። መድኃኒቱ ብዙ ሰው አድኗል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ቆሽትን ያስቆጣል።

ቆሽት ምንድን ነው?

ቆሽት ከጨጓራ በስተጀርባ ያለ የሰውነት ክፍል ነው። ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ያመነጫል። ከእነዚህ አንዱ አሚሌዝ ይባላል፤ የእህልን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጣል። አሚሌዝ በምራቃችንም ውስጥ አለ። ዳቦ ብዙ ስናኝክ የሚጣፍጠን በዚህ ምክንያት ነው። ቆሽት ሲቆጣ ወደ አንጀት መሄድ የነበረበት ኢንዛይም ወደ ደም ይገባል። ስለዚህ በደም ውስጥ መጠኑ ከፍ ይላል።

ምርመራው እንዴት ይለያል?

በደም ውስጥ የምራቅም የቆሽትም አሚሌዝ አለ። ጆሮ ደግፍ የያዘው ሰው የምራቅ ዕጢው ስለሚያብጥ የምራቁ አሚሌዝ ይጨምራል። ታዲያ የትኛው እንደጨመረ በምን ይታወቃል? እዚህ ላይ በላቦራቶሪ የተዘጋጀ አንቲቦዲ ይረዳል። አንቲቦዲ ማለት እንደ ቁልፍና ጋን፣ የሚገጥመውን ነገር ብቻ ለይቶ የሚይዝ ንጥረ ነገር ነው። ይህ አንቲቦዲ የምራቁን አሚሌዝ ይዞ ሥራውን ያግደዋል። ሳይታገድ የሚቀረው የቆሽቱ ነው፤ ባለሙያው እሱን በቀለም ለውጥ ይለካዋል።

አንቲቦዲው በማቀዝቀዣ፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ውስጥ መቀመጥ አለበት። ሙቀቱ 40 ዲግሪ በሚያልፍበት በገዳሪፍ ቆላ ይህን በየጤና ጣቢያው ማግኘት ከባድ ነው። ስለዚህ ባለሙያው በመጀመሪያ የሚመራው እናንተ በምትነግሩት ሕመም ነው። ሌላም አስተውሉ፤ አሚሌዝ ሕመሙ ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ከፍ ብሎ በጥቂት ቀናት ሊወርድ ይችላል። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ምርመራው ደህና ቢያሳይም ሕመሙ አልነበረም ማለት አይደለም።

ምን እናድርግ?

1. ከእምብርት በላይ የሚጀምርና ወደ ጀርባ የሚወጋ ከባድ ሕመም ወይም የማያቋርጥ ትውከት ካለ የሚቀጥለውን መርፌ ሳትወስዱ በዚያው ቀን ለባለሙያው ንገሩ። የልብ ምት መዛባት ወይም ራስን መሳትም ካለ እንዲሁ አድርጉ።

2. «መርፌው ይቋረጥብኛል» ብላችሁ ሕመም አትደብቁ። የቆሽት ቁጣ ሊገድል ይችላል። ባለሙያው መድኃኒቱን ሊያቆም ወይም በሌላ ሊለውጥ ይችላል።

3. በራሳችሁም አታቋርጡ። ብዙ ታማሚዎች ላይ አሚሌዝ ያለ ሕመም በመጠኑ ከፍ ይላል፤ ይህ ሁልጊዜ ለማቆም ምክንያት አይሆንም። በግማሽ የቀረ ሕክምና በሽታውን መልሶ ያመጣል።

4. በሕክምናው ጊዜ አረቄም ሆነ ማሪሳ አትጠጡ። የአልኮል መጠጥ ራሱ ቆሽትን ያስቆጣል።

5. ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸውና ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎች ለዚህ ጉዳት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። መርፌው ከመጀመሩ በፊት ለባለሙያው በምስጢር ንገሩ፤ ለእነሱ የሚሻል ሌላ መድኃኒት አለ።

ቤተሰብም ድርሻ አለው። ሕፃን ልጅ ሕመሙን በቃል መናገር ላይችል ይችላል። ሆዱን ይዞ ካለቀሰ፣ ከታጠፈ ወይም የበላውን ሁሉ ካስመለሰ «ምግብ አልተስማማውም» ብላችሁ አትለፉት። በግድም አታጉርሱት፤ ተሸክማችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ውድ አድማጮች፣ መርፌውን እስከ መጨረሻው ቀን ውሰዱ፤ ሕመም ሲኖር ደግሞ በዚያው ቀን ተናገሩ። ይህን ወረቀት ማንበብ ለማይችል ጎረቤታችሁ አንብቡለት።