«አሸክሙኝ» ማለት ነውር አይደለም
(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ሸክም ነው። መካነ ሰላም ላይ ተቀምጦ ያልተሸከመ ማን አለ? የምንጩ ውሃ፣ የማገዶው እንጨት፣ የገበያው እህል፣ የማኅበራችን ድንኳንም ቢሆን፣ አህያና ባጃጅ ባልደረሰበት ሁሉ የሚሄደው በሰው ጀርባ ነው።

ወገባችንን ሲያመን «ዕቃው ከብዶኝ ነው» እንላለን። ይህ ግማሹ እውነት ነው። ገበያ ላይ የዘንግ ሚዛን አይታችኋል፤ ትንሿ ብረት ወደ ዘንጉ ጫፍ በራቀች ቁጥር ትልቁን ጆንያ ትመዝናለች። ወገባችንም እንደዚያው ነው። የወገብ ጡንቻ የሚጎትተው ከአከርካሪው 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ርቆ ነው። እንግዲህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን፣ ይኸውም 20 ኪሎ ውሃ፣ ጎንበስ ብለን ከወገባችን 50 ሴንቲ ሜትር አርቀን ስናነሳ ጡንቻው 200 ኪሎ ያህል መጎተት አለበት። የራሳችን ገላ ክብደት ገና አልተቆጠረም። ያንኑ ጀሪካን ጉልበታችንን አጥፈን፣ ወደ ሆዳችን አስጠግተን ብናነሳው ጫናው ከግማሽ በታች ይወርዳል።

እናቶቻችን እንስራውን ከጀርባቸው አጣብቀው ማዘላቸው እንግዲህ ሞኝነት አልነበረም። ከመንገዱ ይልቅ የሚጎዳው ማንሳቱና ማውረዱ ነው፤ ይልቁንም ብቻን ሆኖ፣ ወገብን እየጠመዘዙ ሲሆን። ምንጭ ዳር «እስቲ አሸክሚኝ» የሚባለውም ለዚሁ ነው። ሴቶቹ ይህን ያውቁታል። የቸገረው ወንዶቹ ዘንድ ነው። ድንኳን በሚተከልበት ቀን አንዱ ጎረምሳ ብቻውን ብድግ ሲያደርገው «አንበሳ!» የምንለው እኛው የኮሚቴ አባላቱ ነን፤ ጥፋቱ የእኛም ነው።

ኩንታልን እንይ፤ 100 ኪሎ ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1967 ባወጣው ምክረ ሐሳብ ለአንድ ጎልማሳ ወንድ ጣሪያው 55 ኪሎ ነው፤ ለሴቶችና ለወጣቶች ከዚያ እጅግ ያነሰ። በአገራችንም የ2011 ዓ.ም. የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ዕድሜው 18 ያልሞላ ወጣት በመጋዘን ከባድ ዕቃ በማንሳት ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። አንዱን ኩንታል ለሁለት ብንከፍለው ኪሳራው አንድ ባዶ ጆንያ ነው።

የአራሷ ነገር ደግሞ ይለያል። ከወሊድ በኋላ ማህፀንን የሚደግፈው ጡንቻና ጅማት ገና ስላልጠነከረ ከባድ ሸክም ማህፀኗን ወደ ታች ሊያወርደው ይችላል። ብዙ እህቶች ሐፍረት ይዟቸው ለዓመታት ደብቀውት ይኖራሉ፤ ሕክምና እያለው። አራስ ለመጠየቅ ገንፎ ይዘን እንደምንገባ ሁሉ ውሃም ቀድተን እንግባ።

ወገቡን የታመመ ሰው ሳምንታት ከሚተኛ ቀስ እያለ ቢንቀሳቀስ ይሻለዋል። ነገር ግን እግሩ ከዛለ፣ በጭኖቹ መካከል ከደነዘዘው፣ ወይም ሽንቱ እምቢ ካለው ወጌሻ ስንፈልግ አንዋል፤ በዚያው ቀን ሆስፒታል ይወሰድ።

ከዛሬ ጀምሮ የማኅበራችን ድንኳን የሚነሳው በአራት ሰው፣ የብረት ምሰሶው በሁለት ሰው ነው። ብቻውን ሊወስድ ለመጣ ጎረምሳ ንብረት ያዣችን በሩን አይከፍትለትም።