የሱሺው ሒሳብ

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



ባለፈው ወር አሥራ ሁለት አባላት በአንዲት እህታችን ቤት ተሰብስበን ለመጀመሪያ ጊዜ ሱሺ ሠርተናል። ስለ ወጥ ቤት ሙያ ከእኔ የተሻለ የሚናገሩ እዚህ ብዙ አሉ። እኔ የተመደብሁት ሚዛን፣ ሰዓትና ደብተር ይዤ የገባውንና የወጣውን እንድጽፍ ነበር። ስለዚህ ዛሬ የማቀርበው ሁለት ነገር ነው፤ አሠራሩንና ሒሳቡን። ሒሳቡ ከሱሺ አልፎ የሁላችንንም ጓዳ የሚመለከት ነው።

ከሁሉ በፊት ከእናቶቻችን አንዷ «ልጄ፣ ጥሬ ዓሣ ልታበሉን ነው እንዴ?» ብለው ለጠየቁኝ ልመልስ። ሱሺን ሱሺ የሚያሰኘው በአቼቶ፣ በስኳርና በጨው የተለወሰው ሩዝ ነው። ከሩዙ ጋር ዓሣ ሊኖር ይችላል፤ እንቁላል ወይም ኪያር ብቻም ሊሆን ይችላል። ያለ ሩዝ የሚቀርበው ጥሬ ዓሣ በጃፓንኛ ሌላ ስም አለው፤ ሳሺሚ ይባላል።

ሱሺ በጥንቱ ዘመን ዓሣ ሳይበላሽ የሚቆይበት ዘዴ ነበር። ዓሣውን በጨው ካሹ በኋላ በተቀቀለ ሩዝ ውስጥ ለወራት ያቆዩታል። ሩዙ ሲብላላና ሲኮመጥጥ ዓሣውን ከመበላሸት ይጠብቀዋል። በጃፓን በቢዋ ሐይቅ አካባቢ በዚህ መንገድ የሚዘጋጀው ፉናዙሺ እስከ ዛሬ ይሠራል። እርሾና እርድ ለምናውቅ ሴቶች ይህ እንግዳ ነገር አይሆንብንም። በእጅ ተጨብጦ ወዲያው የሚበላው ዓይነት የተስፋፋው ደግሞ በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ኤዶ በምትባለው ከተማ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ነው። ሃናያ ዮሄይ የሚባል ምግብ ሠሪ ስሙ ከዚህ ጋር ይነሣል። ያን ጊዜ እንደ እኛ ሳምቡሳ በመንገድ ዳር እየተሸጠ፣ ቸኩሎ የሚሄድ ሰው የሚበላው ነበር። ዛሬ በትልልቅ ሆቴሎች ስለሚቀርብ ከእኛ እጅ የራቀ ምግብ አድርገን ማየት የለብንም።

አሁን ወደ አሠራሩ ልግባ። ያስተማረችን ከቤይሩት የተመለሰች አንዲት እህታችን ናት። ሰባት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ እንግዳ በመጣ ቁጥር ሱሺውን የምታዘጋጀው እሷ ነበረች።

ሩዙ አጭርና ክብ ፍሬ ያለው መሆን አለበት። ረጅሙ ባስማቲ ስለማይጣበቅ አይሆንም። 400 ግራም ሩዝ ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ድረስ አራት አምስት ጊዜ አጠብን፤ ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፈን አጠነፈፍን። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ለዚህ ነው በባሕር ጠለል ላለ አገር የተጻፈ አሠራር እኛ ጋ ሩዙን ጥሬ የሚያደርገው። ውኃውን ከተለመደው ትንሽ ጨምረን ግማሽ ሊትር አደረግን፤ ከፈላ በኋላ እሳቱን ቀንሰን 15 ደቂቃ አበሰልነው። ከዚያም እሳቱን አጥፍተን፣ ክዳኑን ሳንከፍት ሌላ 15 ደቂቃ አቆየነው።

እስከዚያው 4 የሾርባ ማንኪያ የሩዝ አቼቶ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ሳይፈላ አሙቀን አሟሟን። ጃፓኖች ሩዙን የሚያቀዘቅዙት በሰፊ የእንጨት ገንዳ ነው፤ እንጨቱ የተረፈውን እርጥበት ይመጥጣል። እኛም ንጹሕ የእንጨት ገበታ ተጠቀምን። አቼቶውን እያርከፈከፍን ሩዙን በማንኪያ ጠርዝ እየከፈልን ገለበጥነው። እንደ ገንፎ ካማሰሉት ይላቁጣል። አንዷ ስትገለብጥ ሌላዋ በማራገቢያ ታራግባለች። የሰው ገላ ያህል ሙቀት ሲቀረው ደረሰ ማለት ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ከገባ ይደርቃል።

ለመጠቅለል ከቀርከሃ የተሠራች ትንሽ ሰሌን አለች። በላይዋ ኖሪ የሚባለውን፣ ከባሕር አረም ተዘጋጅቶ እንደ ወረቀት የደረቀውን ቅጠል የሚያብረቀርቀውን ወገን ወደ ታች አድርገን አነጠፍን። እጃችንን በውኃ እያረጠብን ሩዙን በስሱ ዘረጋን፤ በወዲያኛው ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ተውን። መሐል ላይ በቀጭኑ የተከተፈ ኪያር፣ ካሮትና አቮካዶ ደርድረን፣ ሰሌኗን እየሳብን ጠበቅ አድርገን ጠቀለልን። በእርጥብ ቢላዋ እያንዳንዱን ጥቅል ስምንት ቦታ ቆረጥን። ከ400 ግራም ሩዝ 6 ጥቅል፣ ማለትም 48 ቁራጭ ወጣ። ሦስቱ የጾም ነበሩ፤ ለሦስቱ የቆርቆሮ ቱና ጨመርንባቸው።

ከሱሺ ጋር የሚቀርበው ዋሳቢ የሚባለው አረንጓዴ ማባያ አፍንጫ ድረስ የሚወጣ ማቃጠል አለው። እውነተኛው ተክል ውድ ስለሆነ በገበያ በብዛት የሚሸጠው ከሌላ የሚያቃጥል ሥርና ከሰናፍጭ ተሠርቶ ቀለም የገባበት ነው። ዋሳቢና ሰናፍጭ የአንድ ቤተሰብ ተክሎች ናቸው። እኛም የራሳችንን ሰናፍጭ አቀረብን፤ እናቶቻችን ሱሺውን የወደዱት በእሱ ነው።

ጥሬ ዓሣ ያልተጠቀምነው ዐውቀን ነው። በሐዋሳ ሐይቅ ዳር ጥሬ ዓሣ በአዋዜ የሚበሉ እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን በጥሬ ዓሣ ውስጥ በሰው ሆድ የሚኖሩ ጥገኛ ትሎች ሊገኙ ይችላሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት እነዚህን ለመግደል ዓሣው ከዜሮ በታች በ20 ዲግሪ ወይም ከዚያ በባሰ ቅዝቃዜ ለ7 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። መብራት በሚጠፋበት ቤት ያለ ማቀዝቀዣ ይህን ሊያረጋግጥልን አይችልም። ሩዙም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲቀቀል የማይሞት ዘር ያለው ተሕዋስ ስላለ፣ በሞቃት ቦታ የዋለ ሩዝ ሊያስታምም ይችላል። የተሠራው በዚያው ቀን ይበላ፤ ለሰው የምንሸጥ ከሆነም ጥሬ ዓሣ አይግባበት። ይህን ደንብ አድርገን እንድንይዘው አሳስባለሁ።

አሁን ስለ ኖሪው ላንሣ፤ የአንዲት ሴት ታሪክ አለበትና። ካትሊን ድሩ ቤከር የተባሉ እንግሊዛዊት የዕፅዋት ተመራማሪ በማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1928 ሲያገቡ ግን ዩኒቨርሲቲው ያገቡ ሴቶችን ስለማይቀጥር ሥራቸውን አጡ። ምርምራቸውን ያለ ደመወዝ ቀጠሉ። እ.ኤ.አ. በ1949 ያሳተሙት ጥናት፣ በዛጎል ውስጥ የሚያድግና እስከዚያ ድረስ ሌላ ተክል ይመስል የነበረ ነገር የዚሁ የባሕር አረም የሕይወት ዘመን አንዱ ክፍል መሆኑን አሳየ። ከዚያ በፊት የጃፓን ኖሪ አምራቾች ዘሩ ከየት እንደሚመጣ አያውቁም ነበር፤ ምርቱ በዕድል ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች ግኝቱን ወስደው ኖሪን በዛጎል ላይ አዘጋጅቶ ማልማት የሚቻልበትን መንገድ አበጁ። ሴትዮዋ ጃፓንን ሳያዩ እ.ኤ.አ. በ1957 ዐረፉ። አምራቾቹ ግን እ.ኤ.አ. በ1963 ኩማሞቶ ውስጥ በምትገኘው ኡቶ መታሰቢያ ሐውልት አቆሙላቸው፤ የባሕር እናት እያሉም ይጠሯቸዋል።

ይህን የማነሣው የሒሳብ ሠራተኛ በመሆኔ ነው። የሒሳብ መዝገብ የሚያሳየው የተከፈለበትን ነገር ነው። የእኒያ ሴት የዓመታት ድካም በደመወዝ መዝገብ ላይ ዜሮ ሆኖ ይታያል፤ አንድ ትልቅ የምግብ ኢንዱስትሪ ግን በእሱ ላይ ቆሟል። እኛም ቤት ተመሳሳይ ነገር አለ። ያስተማረችን እህታችን ማኅበሩ ስትገባ በሞላችው ቅጽ ላይ «ሙያ» በሚለው ቦታ የጻፈችው «የለኝም» የሚል ነው። የሰባት ዓመት ዕውቀቷ የተገኘው በሰው ጓዳ ስለሆነ፣ የምስክር ወረቀትም ስላልተሰጠበት እሷ ራሷ ሙያ ብላ አልቆጠረችውም።

አሁን ደብተሬን ልግለጥ። የገበያ ዋጋ በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለስሌት የሚመቹ ድፍን ቁጥሮችን ወስጃለሁ፤ ዋናው መንገዱ ነው። ለ6 ጥቅል የሩዝ፣ የኖሪ፣ የአቼቶና የአትክልት ዋጋ 900 ብር ሆነ እንበል። መብራትና ማሸጊያ 100 ብር፣ ትራንስፖርት 100 ብር፤ ድምር 1,100 ብር። ለስድስት ስናካፍለው አንዱ 183 ብር ገደማ ይወጣበታል። በ200 ብር ብንሸጠው 1,200 ብር እናገኛለን፤ 100 ብር አተረፍን ብለን ደስ ይለናል።

የእጃችን ዋጋ ግን አልገባም። በሰዓቴ እንደመዘገብሁት ከማጠብ እስከ ዕቃ ማንሣት ሁለት ሴቶች ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በድምሩ አራት ሰዓት ይሠራሉ። መቶ ብሩ ለአራት ሲካፈል ለአንድ ሰዓት 25 ብር ነው። ለሰዓቱ 75 ብር ይገባናል ብንል የድካማችን ዋጋ 300 ብር ይሆናል፤ ጠቅላላ ወጪውም ወደ 1,400 ብር ከፍ ይላል። እንግዲያው በ200 ብር የሸጥነው ሱሺ 200 ብር አክስሮናል። ከ233 ብር በላይ ካልተሸጠ ልፋታችንን ለገዢው በስጦታ እየሰጠነው ነው ማለት ነው።

ሌላም ነጥብ አለ። ያን ቀን የተጠቀምንበት ኖሪና አቼቶ ከአንድ ደጋፊያችን በስጦታ የመጣ ነው፤ እናመሰግናለን። በሒሳቡ ላይ ግን በገበያ ዋጋው ማስገባት ይገባል። በስጦታ የመጣውን ዜሮ ብለን ዋጋ ካወጣን፣ ስጦታው ያለቀ ዕለት ሥራችንም አብሮ ያልቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ሱሺው እንግዳ ስለሆነብን እያንዳንዱን ማንኪያ ለካን፤ እያንዳንዱን ደቂቃ ቆጠርን። እንጀራችንን ግን እንዲህ ቆጥረነው አናውቅም። ጤፍ ማበጠሩ፣ ወፍጮ ቤት ወረፋ መጠበቁ፣ ማቡካቱ፣ አብሲት መጣሉ፣ ምጣዱ ፊት መቆሙ ስንት ሰዓት ይፈጃል? በርበሬ ቀንጥሶ፣ አድርቆ፣ አስፈጭቶ ለመሸጥስ? ዳቦ ቆሎውስ? «የቤት ሥራ ነው» ስለምንለው አይቆጠርም። ከመካከላችን ቀኑን ሙሉ ሠርታ ሽጣ፣ ማታ ገንዘቡ የት እንደገባ የሚጠፋባት እህት ብዙ ናት። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ዋጋውን ስታወጣ ራሷን ስለምትረሳ ነው።

አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ሙያው በልብ ይሁን፤ ዋጋው ግን በደብተር ይግባ።

ስለዚህ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ። አንደኛ፣ ለሽያጭ የምታዘጋጁትን አንድ ምግብ መርጣችሁ በዚህ ወር አንድ ቀን ብቻ በሰዓት ሥሩት። መጻፍ የሚያስቸግራችሁ ልጆቻችሁ ይጻፉላችሁ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ በቢሮ ስለምገኝ አብረን እናሰላዋለን። ሁለተኛ፣ የአባላት ቅጽ ላይ «ሙያ» የሚለው መጠይቅ «ምን መሥራት ታውቂያለሽ? የት ተማርሽው?» ተብሎ ይቀየር። ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን የያዙት የምግብ አሠራር፣ የሕፃንና የአረጋዊ እንክብካቤ፣ ቋንቋም ጭምር በዚያ ይመዝገብ። ሦስተኛ፣ ለደጋፊዎቻችን በምናቀርበው ሪፖርት የአባላት የጉልበት ሰዓት በዓይነት የተደረገ አስተዋጽኦ ሆኖ በቁጥር ይታይ።

እናንተ ደጋፊዎቻችንንም አንድ ነገር ልለምን። ለስብሰባችሁም ሆነ ለበዓላችሁ ምግብ ስታዙን ለርኅራኄ ብላችሁ ከዋጋው በላይ አትክፈሉን፤ ዋጋውንም አትከራከሩን። የወጪ ዝርዝሩን ጠይቁን፤ እናሳያችኋለን። በዚያ ዝርዝር ውስጥ «የባለሙያ ክፍያ» የሚል መስመር ከሌለ፣ እባካችሁ መልሱልን፤ አስተካክለን እናመጣለን።