በዳገትና በቁልቁለት ለመሮጥ ስለ መዘጋጀት



በእንግሊዝ አገር በደቡብ ምዕራብ በኩል ዳርትሙር የሚባል ከፍተኛ ምድር አለ። ከፍታው እስከ 621 ሜትር ይደርሳል፤ ዛፉም ጥቂት ስለ ሆነ ነፋሱንና ዝናቡን የሚከለክል የለም። በዚያ ባለው መንገድ የማራቶንን ልክ፥ ይኸውም 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር፥ ሊሮጥ የሚያስብ ሰው አስቀድሞ ብዙ ወራት ሊለማመድ ይገባዋል።

ዳገት ትንፋሽን ይፈትናል፤ ቁልቁለት ግን የጭንን ሥጋ ይጎዳል። ስለዚህ መውጣትንም መውረድንም ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ይልመድ። በመጀመሪያው ዳገት ኃይሉን አይጨርስ፤ ሳይርበውም ስንቁን ይቅመስ።

የሚሮጥ ሰው ይሞቃል፤ ደክሞ ሲያዘግም ግን ልብሱ እንደ ራሰ ነፋስ ቢመታው ብርዱ እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። ስለዚህ ነፋስ የማያስገባ ቀላል ልብስ ይያዝ።

ለተማሪዎችም ይህ ይነገር፤ ሰውነቱ የተንቀጠቀጠ ሯጭ ሩጫውን ቢተው ነውር የለበትም፤ ሕይወቱን ያተረፈ በሌላ ቀን ይሮጣልና።