«ዘመድ የላቸውም እንዴ?»
ስለ አንድ የገና ፊልም የተመልካቾች አስተያየት፤ በተማሪዎች ማኅበር የምሽት ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር



ዛሬ ማታ በፊታችሁ የቆምነው ስለ ሲኒማ ጥበብ ልናስተምር አይደለም። ማኅበሩ በገና ሰሞን ያሳየውን ፊልም ተመልካቹ እንዴት እንዳየው ሰምታችሁ አቅርቡ ተብለን ነው። ሥራው ቀላል መስሎን ተቀበልን። ነገር ግን በየመኝታ ክፍሉና በየሻይ ቤቱ እየዞርን ስንጠይቅ፣ ሰው ስለ ፊልሙ ጀምሮ ስለ ራሱ ቤት እየተናገረ ይጨርስ ጀመር። እኛም የሰማነውን ሳንቀንስ ይዘን መጥተናል።

የዘንድሮው ገና ብዙዎቻችንን እዚሁ ደብረ ታቦር ላይ እንዳዋለን ታውቃላችሁ። ትምህርቱ አልተዘጋም፤ መንገዱም እንደ ልብ የሚኬድበት አልነበረም። ስለዚህ የጉና ብርድ በሚነክስበት ምሽት ጋቢያችንን ተከናንበን፣ ግድግዳ ላይ በወጠርነው ነጭ አንሶላ ፊት ተቀመጥን። የታየው ፊልም «ዘ ነትክራከር ኤንድ ዘ ፎር ሪልምስ» ይባላል፤ ለውዝ ሰባሪውና አራቱ መንግሥታት እንደ ማለት ነው። ለውዝ ሰባሪ የተባለው በጀርመን አገር በወታደር መልክ ከእንጨት የሚቀረጽ፣ በመንጋጋው የለውዝ ቅርፊት የሚፈለቅቅበት የቤት ዕቃ ነው። ፊልሙ በሥዕል የተሠራ አይደለም፤ ሰዎች ራሳቸው የሚጫወቱበት፣ ተረቱና አስማቱ ግን በኮምፒውተር የተጨመረበት ነው።

ላላያችሁት ታሪኩን ባጭሩ እንንገራችሁ። ለንደን ውስጥ ክላራ የምትባል ልጅ እናቷ ሞታባታለች። ከእናታቸው ሞት ወዲህ የመጀመሪያው ገና ሲመጣ አባትዮው እናታቸው ትታ የሄደችላቸውን ስጦታ ለልጆቹ ያድላል። ለክላራ የደረሳት በእንቁላል ቅርጽ የተሠራ፣ የተቆለፈና ቁልፍ የሌለው ሣጥን ነው። ከዚያ አባት ልጆቹን አልብሶ የክርስትና አባቷ ወደሆነው ወደ ድሮሰልማየር ቤት፣ ወደ ጭፈራ ግብዣ ይወስዳቸዋል። ልጅቱ ቁልፉን ስትፈልግ ሌላ ዓለም ውስጥ ትገባለች፤ የበረዶ፣ የአበባ፣ የጣፋጭና የመዝናኛ አገሮች ያሉበት ነው። የዚያ ዓለም ንግሥት የሞተችው እናቷ ኖራለች። ሁሉም የሚፈሯት እማማ ዝንጅብል ደግ ሆና ትገኛለች፤ እንደ ከረሜላ የምትጣፍጠው ሹገር ፕለም ደግሞ መኪና አስነሥታ የአሻንጉሊት ወታደሮችን ሕያው እያደረገች ጦርነት የምታነሣ ክፉ ሆና ትወጣለች።

ፊልሙን ከማማታችን በፊት የትውልድ ሐረጉን እንቍጠርለት። ተረቱን መጀመሪያ የጻፈው ሆፍማን የተባለው ጀርመናዊ ሲሆን ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1816 ነው። በ1844 አሌክሳንደር ዱማ ወደ ፈረንሳይኛ መለሰው፤ ሲመልስም አስፈሪውን አለዘበው። (ይህ ዱማ የሴት አያቱ በካሪቢያን ደሴት በባርነት የኖረች ጥቁር ሴት መሆኗን በነገራችን ላይ እናስታውስ።) ከዚያ በ1892 ቻይኮቭስኪ ዜማውን አዘጋጅቶለት በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር በባሌት ዳንስ ታየ። በሆፍማን ድርሰት ልጅቱ ማሪ ናት፤ ክላራ የአሻንጉሊቷ ስም ነው። ባሌቱ የአሻንጉሊቷን ስም ለልጅቱ ሰጣት። የዛሬው ፊልም ደግሞ ማሪ የሚለውን አሮጌ ስም ለሞተችው እናት መለሰላት። ይህን ያገኘው የሥነ ጽሑፍ ተማሪ የሆነ ጓደኛችን ሲሆን፣ ካየነው ሁሉ ብልኅ ነገር እርሱ ነው ብሎ ይከራከራል።

ፊልሙን የዲስኒ ኩባንያ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። አዘጋጆቹ ላሴ ሃልስትሮምና ጆ ጆንስተን ናቸው። 120 ሚሊዮን ዶላር ገደማ እንደ ፈሰሰበት ተነግሯል፤ በአሜሪካና በካናዳ በመጀመሪያው የሳምንት መጨረሻ ያስገባው ግን 20 ሚሊዮን ያህል ብቻ ነበር። የውጭ አገር ሐያስያን አብዛኞቹ አልወደዱትም፤ ልብሱና ቤተ መንግሥቱ ያማረ፣ ውስጡ ግን ባዶ ነው አሉ። ከሲኒማ ቤት ሲወጣ የተጠየቀው ተራ ተመልካች ደግሞ ቢ ፕላስ ሰጠው፤ ይህም በእኛ የፈተና ልማድ ቢሆን ማንም የማያፍርበት ውጤት ነው። ከሁሉ የበዛው ወቀሳ፣ ባሌቱን ባሌት ያደረገው ዳንስ የት ገባ የሚል ነበር። እውነትም ሚስቲ ኮፕላንድ የተባለችው ዝነኛ ዳንሰኛ የምትታየው በአንድ ትዕይንትና የሠራተኞቹ ስም በሚወርድበት በመጨረሻው ላይ ነው።

የሚያስቀው ግን ይህ ነው። በ1892 ባሌቱ ራሱ በታየበት ጊዜ የዚያ ዘመን ሐያስያንም ተቈጥተው ነበር። መድረኩን ሕፃናት ሞሉት፣ ዋናዋ ዳንሰኛ የምትመጣው ዘግይታ ነው፣ ታሪኩም የሆፍማን አይደለም ሲሉ ወቀሱት። ዛሬ አይነካብን የሚባለው ሥራ ትናንት የተወቀሰ ልጅ ነበረ። በአሜሪካ የገና ልማድ እስከ መሆን የደረሰው ባላንሺን በ1954 በኒው ዮርክ ካዘጋጀው ወዲህ ነው። ስለዚህ «አሮጌውን ለምን ነኩት?» የሚለው ወቀሳ ብቻውን አያስኬደንም።

አሁን ወደ እኛ ተመልካቾች እንምጣ። ከእኛ መካከል ባሌቱን በመድረክ ያየ አንድም ሰው አልተገኘም፤ እንግዲህ አሮጌው ተነካብኝ ብሎ የሚቈጣ የለም። ሆኖም የዳንሱን ነገር ያለ ማንም ነጋሪ የነካው አንድ ጓደኛችን ነው፤ ከዚህ ሳይመጣ በፊት በጋይንት ቤተ ልሔም ድጓ የተማረ ነው። «በማሕሌት ላይ ዝማሜውንና ሽብሸባውን ትታችሁ ቃሉን ብቻ ብታነቡት ንባብ ይሆናል እንጂ ማሕሌት አይሆንም፤ እነዚህም ያደረጉት ይህንኑ ነው» አለ። ቀጥሎም የገና ፊልም ተብሎ የጌታ ልደት አንድ ጊዜ እንኳ አለመነሣቱን ታዘበ። ለዚህ ሌሎቹ «ተረት ነው፤ ስብከት አይደለም» ብለው መለሱለት፤ ክርክሩም እስከ እራት ሰዓት ሄደ።

እኅቶቻችን ክላራ ሰዓትና መኪና የምትፈታና የምትገጥም ልጅ መሆኗን ወደዱላት። ለውዝ ሰባሪውን ወታደር ጥቁር ወጣት መጫወቱም ብዙዎችን አስደስቷል። በዚህ ላይ ብዙ አንቆይም።

በጣም የሣቅነው ግን የምሕንድስና ተማሪ የሆነ ወንድማችን በተናገረው ነው። ሹገር ፕለም መኪናውን አስነሥታ አሻንጉሊቱን ወደ ወታደር ስትለውጥ ከኋላ ሆኖ «ይህንስ መኪና እናውቀዋለን! ጋፋት ነበረ!» ብሎ ጮኸ። አዳራሹ በሣቅ ሞላ፤ ቆይቶ ግን ዝም አልን። ጋፋት ከዚህ ከተማ በእግር የሚደረስበት ቦታ ነው። ከባዝል አጠገብ ከቅዱስ ክሪስኮና የሚሲዮን ትምህርት ቤት የመጡት የእጅ ባለሙያዎች ወንጌል በአንድ እጃቸው፣ መዶሻ በሌላው ይዘው ነበር የደረሱት። ዐፄ ቴዎድሮስ ግን መድፍ አምጡ አሏቸው። እ.ኤ.አ. በ1867 ሴባስቶፖል የተባለው ወደ 70 ኩንታል የሚመዝን መድፍ ተሠራ፤ ያም እስከ መቅደላ መንገድ እየተጠረገለት ወራት በፈጀ ጉዞ በሰው ጉልበት ተጎተተ። የሰላም ዕቃ የሚሠራን እጅ ወደ ጦር ዕቃ የሚያዞር መኪና ለእኛ ለደብረ ታቦር ሰዎች ተረት አይደለም።

አሁን ይህን ንግግር እንድንጽፍ ወዳደረገን ነገር ደርሰናል። አባትዮው ልጆቹን አልብሶ ወደ ግብዣው ሲወስድ፣ በምግብ ቤታችን የሚሠሩ አንዲት እናት በር ላይ ቆመው ያዩ ነበር። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «እናታቸው ከሞተች ዓመት እንኳ ሳይሞላት ወደ ጭፈራ? ዘመድ የላቸውም እንዴ?» አሉ። ቀስ ብለው ነበር የተናገሩት፤ ነገር ግን በማግሥቱ አስተያየት ስንሰበስብ ከሦስት ሰው አንዱ የእርሳቸውን ቃል እየደገመ ይነግረን ነበር።

ነገሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአገራችን ሰው በሞተበት ቤት የመጀመሪያው በዓል ከባድ ቀን ነው። የቤቱ ሰው በግ አይጥልም፣ ጠላ አይጠምቅም፣ ጥቁሩን እንደ ለበሰ ይቀመጣል። ወደ ግብዣ አይሄድም፤ በዓሉ ራሱ ወደ እርሱ ይመጣል እንጂ። ጎረቤቱና ዘመዱ ድፎውን በመሶብ፣ ጠላውን በእንስራ ይዞ ይገባል፤ «ለልጆቹ ስትሉ» እያለ ያስቀምሳል። የክርስትና አባት ከሆነማ ፊት ቀድሞ የሚመጣው እርሱ ነው። በፊልሙ ግን የክርስትና አባቷ በቤቱ ሆኖ ይጠብቃል፤ ኀዘንተኞቹ ናቸው ወደ እርሱ የሚሄዱት።

አንድ መምህራችን በዚህ ላይ ገሠጹን። የሰውን አገር ልማድ በራሳችሁ ልማድ አትመዝኑ አሉ። ተግሣጹን ተቀብለን መጽሐፍ አገላበጥን። ሆኖም ፊልሙ በሚያሳየው በዚያው በእንግሊዝ አገር፣ በዚያው ዘመን፣ የኀዘን ሥርዓት ከእኛም የጠበቀ ሆኖ አገኘነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ደብዳቤ የጻፉላቸው ንግሥት ቪክቶሪያ ባላቸው በ1861 ከሞቱ ጀምሮ ራሳቸው እስከ ሞቱበት እስከ 1901 ድረስ ጥቁር ለብሰው ኖረዋል። ስለዚህ የእኒያ እናት ጥያቄ የደብረ ታቦር ጥያቄ ብቻ አይደለም፤ ለንደንም ብትሆን ትጠይቀው ነበር።

እዚህ ላይ የራሳችንን ጥፋት መናገር አለብን። ፊልሙን ስንመርጥ ከመካከላችን ገናን በኀዘን የሚውል እንዳለ አላሰብንም። እናቷን ዘንድሮ ያጣች፣ ለበዓሉም አገሯ መግባት ያልቻለች አንዲት እኅታችን በመካከሉ ተነሥታ ወጣች። ጓደኞቿ ተከትለዋት ሄዱ፤ ቡና ተፈላ፤ እስከ ሌሊት አብረዋት ተቀመጡ። ከሳምንት በኋላ አስተያየቷን ልንጠይቃት አፍረን ስንመለስ እርሷ ራሷ ጠራችን። ፊልሙን ከጓደኛዋ ስልክ ላይ እስከ መጨረሻው አይታው ኖሯል። የተናገረችውን እንዳለ እናንብበው፤

«ሁላችሁ ስለ ክላራ ታወራላችሁ። እኔ ያዘንኩት ለሹገር ፕለም ነው። ያቺ ንግሥት ሕይወት ሰጥታቸው፣ አሳድጋቸው፣ አንድ ቀን ጥላቸው ሄደች፤ ከዚያም ሞተች። ሹገር ፕለም የከፋችው ከዚያ ወዲህ ነው። እርሷም ኀዘንተኛ ናት። ማንም ሄዶ አላስተዛዘናትም። መጨረሻ ላይ ወደ አሻንጉሊት መለሷትና ተረሳች።»

ይህን ከሰማን በኋላ ፊልሙን እንደገና አየነው፤ ልክ ናት። ተረቱ ላይ ሞትን የጨመሩት አዘጋጆቹ ናቸው፤ በባሌቱ የሞተች እናት የለችም። እኛ እንደሚመስለን መጨመራቸው ስሕተት አይደለም፤ እንዲያውም ከፊልሙ ሁሉ እውነተኛው ነገር ይህ ነው፤ በዓል የጎደለውን ሰው ያሳያልና። ጥፋታቸው የከፈቱትን በር ትተው ወደ ቆርቆሮ ወታደሮች ጦርነት መሮጣቸው ነው። ሣጥኑ ሲከፈት በውስጡ መስታወትና ዜማ ይገኛል፤ በመጨረሻም አባትና ልጅ በዚያ ዜማ ይጨፍራሉ። ያን ጊዜ አዳራሹ ጸጥ ብሎ ነበር፤ እኒያ እናትም ራሳቸውን ነቀነቁ። ይህን የመሰለ ትዕይንት ሦስት ቢኖረው ስለ ዳንሱ ማነስ የሚጠይቅ አይኖርም ነበር።

ስለ ራሳችን ሥራም አንድ ቃል እንጨምር። የቴአትር ክፍላችን ለሚመጣው ገና የእረኞቹን ታሪክና የገና ጨዋታን የሚመለከት ተውኔት እየጻፈ ነው። ግማሾቻችን ሩሩ ወደ ሰማይ ወጥቶ ኮከብ ይሁን፣ እረኞቹም በአስማት ይብረሩ እንላለን። ግማሾቻችን ደግሞ በገና ሜዳ ጌታና አሽከር እኩል መሆናቸው ይበቃል፤ ከዚያ የሚበልጥ ተአምር አያስፈልግም እንላለን። ከፊልሙ በኋላ በአንድ ነገር ብቻ ተስማማን። መጋረጃው ሲከፈት የሚታየው ሜዳው አይሆንም፤ ሰው የሞተበት አንድ ቤት ይሆናል። የሟች ልጅ ዱላውን ይዞ በር ላይ ቆሟል፤ ልውጣ ወይስ ልቅር እያለ ነው። ጎረቤቶቹ ድፎ ይዘው ሲገቡ ምን እንደሚሉት እስካሁን መጻፍ አልቻልንም፤ ሦስት ጊዜ ጽፈን ሦስት ጊዜ ቀደድነው። በየአገራችሁ፣ በፎገራም ይሁን በጋይንት፣ በእስቴም ይሁን በፋርጣ፣ ሽማግሌዎቹ እንዲህ ላለ ልጅ የሚሉትን ቃል የምታውቁ ካላችሁ በወረቀት ጽፋችሁ እስከ ዓርብ ድረስ በማኅበሩ ቢሮ በር ሥር አስገቡልን።