ጭላዴ ከኃላፊያችን ጋር ላስታ ሲወጣ

(በምሩቃን ማኅበሩ የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ስለ ተማሪነት ዘመንሽ ጥቂት ተናገሪ» ሲሉኝ ስለ ፈተናው፣ ስለ ምግብ ቤቱ ሽሮና ስለ ሌሊት ተረኝነቱ ላወራ አስቤ ነበር። ይሄንን ግን ከእኔ የተሻለ የሚያወራ በየጠረጴዛው አለ። ስለዚህ ስለ ጭላዴ ልናገር። የ2000 ዓ.ም. ምሩቃን ከወዲሁ ስትስቁ አየኋችሁ፤ ለሌሎቻችሁ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ጭላዴ ከቡናማ ሱፍ ክር የተሠራ፣ ቁመቱ ከአንድ ክንድ የማይበልጥ ጭላዳ ዝንጀሮ ነው። ሦስተኛ ዓመት ሳለን ከሌሎች ክፍሎች ጋር የእግር ኳስ ውድድር ነበረን፤ ብሔራዊ ቡድናችን ዋልያ ካለው እኛስ ምን ያንሰናል ተብሎ ማስኮት እንምረጥ ተባለ። አንዱ አንበሳ አለ፣ ሌላው ንስር አለ። አንዲት የክፍላችን ልጅ ተነስታ «ጭላዳ ይሁን» አለች። ለምን ስትባል፣ ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ፣ አቀርቅሮ ሣር ሲለቅም ውሎ ሌሊቱን ገደል ላይ የሚያድር ፍጡር ከጭላዳና ከሕክምና ተማሪ ሌላ የለም አለች። ያለ ድምፅ ቆጠራ አለፈ። ሹራብ መሥራት የምትችለውም እሷው ነበረችና በሁለት ሳምንት ሠርታ አመጣችው። ደረቱ ላይ ቀይ ጨርቅ ሰፋችለት፤ ዐይኖቹ ከአሮጌ ጋዋን የተፈቱ ሁለት ነጭ ቁልፎች ናቸው። ውድድሩን በመጀመሪያው ዙር ተሸነፍን፤ እሱን እንለፈው።

ጭላዴን ያስጠሩት የትምህርት ቤታችን ኃላፊ ናቸው። ስማቸውን አልጠራም። እዚያ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ «ስሜን ብትጠሪ ወጥቼ እሄዳለሁ» ብለውኛል፣ ደግሞ ያደርጉታል። አንድ ቀን ጭላዴን ክፍል ውስጥ ረስተነው ወጣን። በማግሥቱ ስንፈልገው የለም። ከሳምንት በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ፎቶ ተለጥፏል፤ ጭላዴ ባሕር ዳር፣ የዓባይ ድልድይ ላይ ቁጭ ብሏል። ከሥሩ በዚያ ማንበብ በማይቻለው የሐኪም ጽሑፋቸው «ስብሰባ ወስጄው ነበር። ከእናንተ በተሻለ ያዳምጣል» ይላል። ከዚያ ወዲህ ያለ እሱ የሄዱበት አገር የለም። ጅማ ሄዷል፣ ሐዋሳ ሄዷል። ቦሌ ላይ ፈታሾቹ ሁለት ጊዜ በማሽን አሳልፈውታል። እኔ ግን አብሬ ስለሄድኩበት ስለ አንዱ ጉዞ ብቻ ነው የምናገረው።

በታኅሣሥ 1998 ዓ.ም. አምስተኛ ዓመት ነበርን። ለገና ላሊበላ የሚመጣው ምዕመን ብዙው በእግሩ ስለሚጓዝ፣ እግሩ የቆሰለውን፣ ብርድ የመታውን ለመርዳት ዘጠኝ ተማሪዎች በሁለት መኪና ከጎንደር ተነሳን። ደብረ ታቦርን፣ ንፋስ መውጫን አልፈን ጋሸና ስንደርስ መሽቶ ነበር። የጋሸናን ንፋስ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ኬላው ላይ ፈታሹ ባትሪውን መስኮቱ ላይ አበራና ከፊት ወንበር ቀበቶ የታሰረውን ጭላዴ አየ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ። ኃላፊያችን ሳይስቁ «ተማሪዬ ነው፤ መታወቂያው አልደረሰለትም» አሉት። ሰውየው ጭላዴን ትንሽ አየውና «ይለፍ» አለ። ከዚያ ላሊበላ ድረስ 64 ኪሎ ሜትር ጥርጊያ መንገድ ነበር፤ አቧራው ሁላችንንም ጭላዳ አስመስሎን ገባን።

ምዕመናኑ ገና እስኪሰበሰቡ በየትምህርት ቤቱ ስለ ዐይን ማዝ፣ ማለትም ስለ ትራኮማ፣ እናስተምር ተባለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አንድ ትምህርት ቤት ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ባክቴሪያው፣ ስለ ዝንቡ፣ ስለ ሽፋሽፍቱ መቀልበስ ለሃያ ደቂቃ ተናገርኩ። ልጆቹ ዝም። በመጨረሻ «ታዲያ ፊታችሁን የማትታጠቡት ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኩ። አሥር ዓመት የሚሆናት ልጅ ተነስታ «ውኃው ሩቅ ነው። የምንቀዳው ለመጠጥና ለወጥ ነው» አለችኝ። የምለው ጠፋኝ። እንዲያው ደግሜ ስለ ባክቴሪያው ልጀምር ነበር።

ኃላፊያችን ጭላዴን ይዘው ገቡ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡትና በዐይኖቹ ዙሪያ የላስታን ነጭ ማር ቀቡት። ወዲያው ዝንቡ መጣ። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ አንዱ «ዐይናር! ዐይናር!» ብሎ ጮኸ። ከዚያ አንድ ጣሳ ውኃ አስመጥተው ያችኑ ልጅ «እስቲ እጠቢው» አሏት። በቁንጥር እያፈሰሰች አጠበችው። ጣሳው ውስጥ ገና ብዙ ውኃ ነበር። የራሷን ፊት ታጠበች፤ ተረፈ። አጠገቧ ያለው ወንድሟ ታጠበ፤ ተረፈ። በዚያ ጣሳ ጭላዴና አራት ልጆች ታጠቡ። እኔ ሃያ ደቂቃ የፈጀሁበትን እሳቸው አንድ ቃል ሳይናገሩ ጨረሱት። ጭላዴ ግን ሱፍ ነውና እስከ ማታ አልደረቀም።

ለገና ሌሊት መኪና ውስጥ ነው ያደረው፤ ቅጥሩ ውስጥ አላስገቡትም። እኛ ንጋት ላይ በቤተ ማርያም ዙሪያ ቤዛ ኩሉ ሲባል ቆመን ሰማን። ካህናቱ ከላይ ከዐለቱ ጠርዝ፣ ከታች ደግሞ ከቅጽሩ ሆነው ሲቀባበሉ ያየ ሰው የእኔን ገለጻ አይፈልግም።

ከበዓሉ በኋላ «ትንሽ እንውጣ» ብለው ወደ አሸተን ማርያም አቅጣጫ መሩን። ከአሸተን በላይ ደግሞ ወደ አቡነ ዮሴፍ የሚወጣውን ያዝን፤ ጫፉ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ ግን ጫፉ ድረስ አልሄድንም። ለቁርስ ስናርፍ ጭላዴን ድንጋይ ላይ አስቀመጡት። ትልቅ ቁራ ወረደና የሚያብለጨልጨውን የግራ ዐይኑን ነቅሎ ሄደ። ኃላፊያችን ከኪሳቸው የሸሚዝ ቁልፍ፣ ከመድኃኒት ቦርሳው ሐር ክርና መርፌ አወጡ። ሜዳ ላይ፣ እኛ ከበን እያየን፣ ልክ ቀዶ ጥገና ክፍል እንዳሉ ሰፉለት።

የምንሄደው ወደ እናታቸው ቤት መሆኑን በር ላይ ደርሰን ነው ያወቅነው። እናታቸው ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። በድምፃችን ቆጠሩን። «ስንት ናችሁ?» አሉ። «ዘጠኝ ነን እማ፣ ከጭላዴ ጋር አሥር» አሏቸው። «እስቲ ስጠኝ» ብለው ተቀበሉና በጣታቸው ዳሰሱት። ደረቱ ላይ ሲደርሱ «ጭላዳ ነው እንዴ! በልጅነቴ ከገብሱ ላይ ስንቱን አባርሬ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ ጣታቸው ወደ ፊቱ ወጣ።

«አንዱ ዐይኑ ተሰፍቷል።»

«ቁራ ነቅሎት ነው። እኔ ሰፋሁለት።»

ትንሽ ዝም አሉና «የተሰፋው ያያል?» አሉ።

«አያይም እማ።»

ስንወርድ ኃላፊያችን ከፊት ከፊት ይሄዱ ነበር። እኛ ሳንጠይቃቸው ተናገሩ። ልጅ እያሉ ማታ ማታ በኩራዝ ብርሃን የእናታቸውን የተቀለበሰ ሽፋሽፍት በወረንጦ መንቀል የእሳቸው ሥራ ነበር። የተነቀለው ደግሞ ይበቅላል፣ አንዳንዴም ተሰብሮ ይቀርና ኮርኒያውን ይፈገፍጋል። እሳቸው ሕክምና ተምረው ሲመለሱ ኮርኒያው ነጥቷል። የቆቡን ቀዶ ጥገና ቀድሞ ያገኘ ዐይኑ ይተርፍለታል፤ ከነጣ በኋላ ግን ቆቡን ቢያቀኑት ብርሃኑ አይመለስም። ይሄንን በትምህርት ክፍል ስንት ጊዜ አስተምረውናል፤ እናታቸውን አንድ ቀን አንስተው አያውቁም። ዛሬ እንድናገረው ትናንት ማታ ፈቃድ ጠይቄ ነው የሰጡኝ። እናታቸው ከሦስት ዓመት በኋላ አርፈዋል።

በዚያው ሰሞን የተካሄደው አገር አቀፍ የዐይን ጤና ጥናት በአማራ ክልል ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆኑ ልጆች 62.6 በመቶው ንቁ ትራኮማ እንዳለባቸው አሳይቷል። ለእኛ ቁጥሩ አላስደነገጠንም፤ ፊታቸውን አይተን ነበር የመጣነው።

አሁን ደስ የማይለኝን ልናገር። ከተመረቅኩ በኋላ በአንድ ደጋ ወረዳ ሆስፒታል ስሠራ፣ በገበያ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ወረንጦዋን በማተቧ አስራ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች። ሁለቱም ቆቦቿ ተቀልብሰዋል፤ የቀኙ ኮርኒያ ገና ንጹሕ ነበር። በአገራችን ይሄንን ቀዶ ጥገና በብዛት የሚሠሩት የሠለጠኑ ነርሶች ናቸው፣ የእኛዋ ደግሞ ሥልጠና ሄዳ ነበር። ቀጠሮ ጻፍኩላት። «ልጄ ከትምህርት ቀርቶ ነው የመራኝ» አለችኝ። «ግድ የለም፣ በሚቀጥለው ወር ነይ» አልኳት። አልመጣችም። ካርዷ ላይ የቀበሌዋ ስም ነበረ፣ መኪናም ነበረን። አልሄድኩም። ያን ጊዜ ሥራ በዝቶብኝ ነበር እላለሁ፤ ሁልጊዜ በዝቶብን ነው።

ኮሌጃችን በ1940ዎቹ ሲቋቋም በገጠር ተሰማርቶ በቡድን የሚሠራ የጤና ባለሙያ ለማውጣት እንደነበር መምህራኖቻችን ያውቃሉ። ያ ሥርዓት ዛሬም አለ፤ መንገዱ ሲከፈት ነው እንጂ። ጦርነቱ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ላሊበላ ሲደርስና ከዚያም ወዲህ መንገድ በተዘጋ ቁጥር በዘመቻ የሚታደለው የትራኮማ መድኃኒትም ይቋረጣል። እዚህ ካላችሁት ውስጥ በዚያ ሁሉ ቦታ ሳይለቁ የሠሩ አሉ፤ ይሄንን መናገር የሚገባው ከእኔ ይልቅ ለእነሱ ነው።

ኃላፊያችን ጡረታ ሲወጡ ጭላዴን በካርቶን አድርገው ለእኔ ላኩልኝ። ማስታወሻው «አጥበሽ አታስጪው፣ ይቀደዳል። ውሰጂው» ይላል፤ ያው ጽሑፍ፣ ለማንበብ ፋርማሲስት አስፈልጎኛል። እስካሁን በሦስት የዐይን ዘመቻ አብሮኝ ወጥቷል። ማር ሲቀባና ሲታጠብ ኖሮ ፊቱ ጠቁሯል።

አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነው። ከሻይ በኋላ አብራችሁት ፎቶ መነሳት የምትፈልጉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጥላችኋለሁ። የግራ ዐይኑን ብቻ አትጎትቱት፤ የሳቸው ስፌት ነው፣ እስከ ዛሬ አልላላም።