ሁሉም ትኩሳት ኢንፌክሽን አይደለም

እሷ፦ ኩላሊት ወይም ጉበት የተተከለለት ልጅ አተኩሶት፣ ጉሮሮውን አሞት፣ አንገቱ ላይ ንፍፊት ቢወጣበት ምን ትላለህ?

እሱ፦ ቶንሲል ነዋ! አንቲባዮቲክ ይሰጠዋል።

እሷ፦ ካልተሻለውስ?

እሱ፦ ሌላ ኢንፌክሽን ይፈለጋል። ሰውነቱ የተተከለለትን አካል እንዳይገፋ የሚወስደው መድኃኒት የሰውነት መከላከያውን አዳክሞታል እኮ፤ መጠርጠሩ ልክ ነው።

እሷ፦ ልክ ነው፤ ግን አብሮ የሚጠረጠር አለ። ኤፕስታይን ባር የሚባለው ቫይረስ አብዛኛው አዋቂ ውስጥ ተኝቶ ይኖራል። መከላከያ ሲዳከም የያዛቸውን ነጭ የደም ሴሎች ያለ ልክ ያባዛል፤ ወደ ሊምፎማ፣ ማለትም ወደ ካንሰርም ሊያመራ ይችላል።

እሱ፦ ልጆች ላይ ለምን ይበረታል?

እሷ፦ ብዙዎቹ ቫይረሱ ገና አልያዛቸውም። ከለጋሹ አካል ጋር ሲገባባቸው ሰውነታቸው አያውቀውም። በተለይ የመጀመሪያው ዓመት ያሰጋል።

እሱ፦ ምልክቱ መጀመሪያ ያልሽው ብቻ ነው?

እሷ፦ ኧረ ሌላም አለ! ተቅማጥ፣ ክብደት መቀነስ፣ የደም ማነስ። አዲስ የጀመረ ማንኮራፋትም አይናቅ፤ ቶንሲሉ አብጦ ይሆናል። ይህን ቀድማ የምትሰማው እናት ናትና፣ ሐኪሞች እባካችሁ አድምጧት።

እሱ፦ የደም ምርመራ አይለየውም?

እሷ፦ የቫይረሱን መጠን ይነግራል፤ ብቻውን ግን አይበቃም። ከእብጠቱ ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

እሱ፦ ከዚያ ኬሞ?

እሷ፦ ሁልጊዜ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1984 የንቅለ ተከላ ቀዶ ሐኪሙ ቶማስ ስታርዝልና ባልደረቦቻቸው መከላከያ አዳካሚው መድኃኒት ሲቀነስ እብጠቱ ሊጠፋ እንደሚችል አሳይተዋል። ለዚሁ የሚሰጥ ሪቱክሲማብ የሚባል መድኃኒትም አለ።

እሱ፦ ታዲያ ወላጅ ራሱ መከላከያ አዳካሚውን መድኃኒት ቢቀንስስ?

እሷ፦ በፍጹም! የልጁ ሰውነት የተተከለለትን አካል ሊገፋው ይችላል። ይህን የሚወስነው የንቅለ ተከላ ሐኪሙ ብቻ ነው።