ጤና ጣቢያው በወረርሽኝ ጊዜ እንዴት ሠራ? እድራችንስ ምን ይማራል?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከጤና ኮሚቴው የቀረበ ንግግር)



የጤና ኮሚቴው ዛሬ እንዲናገርበት የተሰጠው ርእስ በኮሮና ወረርሽኝ ጊዜ የሰፈራችን ጤና ጣቢያ አሠራሩን እንዴት እንደለወጠ ነው። «እድር የተቋቋመው ለለቅሶ ነው፤ ሕክምና ውስጥ ምን አገባው?» የሚል አባል እንደሚኖር እናውቃለን። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሱን ግን ነገሩን ከሥሩ ካየነው በኋላ አብረን ብንሰጠው ይሻላል።

ወረርሽኝ ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በኅዳር 1911 ዓ.ም. አዲስ አበባን የመታው ኢንፍሉዌንዛ፣ አባቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ሰው ጨርሷል። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኮንን እንኳ ታመው ነበር። ሐኪሙ በጣት የሚቆጠር ነበር፤ ቀባሪም ታሞ ተኝቶ ስለነበር ሬሳ በወጉ የሚያነሣ እስከ መጥፋት ተደረሰ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን በየደጁ የምናጤሰው የዚያ ክፉ ጊዜ መታሰቢያ ነው። እንግዲህ ያን ጊዜ ያልነበረው፣ በእኛ ዘመን ግን የነበረው ትልቁ ነገር ምንድን ነው? በእግር የሚደረስበት፣ ካርዳችን የተቀመጠበት፣ ነርሶቹ በስም የሚያውቁን ጤና ጣቢያ ነው።

እንደምታስታውሱት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ኮሮና ዓለም አቀፍ ወረርሽኝ መሆኑን ያስታወቀው መጋቢት 2 ቀን 2012 ዓ.ም. ነበር። በአገራችን የመጀመሪያው ሕመምተኛ የተገኘው ከሁለት ቀን በኋላ መጋቢት 4 ቀን ነው። ወዲያው ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ታክሲው ግማሽ ሰው ብቻ እንዲጭን ሲታዘዝ ሂሳቡ እጥፍ ሆነ። በበሽታው የተያዙት ወደ የካ ኮተቤ ሆስፒታል፣ ኋላም ወደ ሚሌኒየም አዳራሽ ይወሰዱ ጀመር።

ይኼ ሁሉ ሲሆን ሌላው በሽታ እረፍት አልወጣም። ደም ግፊቱ፣ ስኳሩ፣ አስሙ፣ ነቀርሳው እንደነበረ ነው። እርጉዝ ሴት ቀኗን ትቆጥራለች፤ ሕፃን ክትባቱ ይደርሳል። ሕዝቡ ግን ጤና ጣቢያውን ራሱን ፈራው። «እዚያ ብሄድ በሽታውን ይዤ እመለሳለሁ» ማለት በየቤቱ የሚሰማ ነገር ሆነ። አንዳንዱ መድኃኒቱ ሲያልቅበት ዝም ብሎ ተቀመጠ፤ አንዳንዱ ደግሞ የጎረቤቱን ኪኒን ተካፍሎ ዋጠ።

ፍርሃቱ ከምንም የመጣ አልነበረም። ከቀድሞው አሠራር ጋር ነገሩን ስናየው፣ የሚያስለውም፣ ልጇን ልታስከትብ የመጣችውም፣ ለደም ግፊት ክትትል የመጣው ሽማግሌም በአንድ ኮሪደር፣ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ተራ የሚጠብቁ ነበሩ። ኮሮና ደግሞ በትንፋሽ፣ በሳልና በንግግር የሚተላለፍ፣ በታፈነ ክፍል ውስጥ በአየር ላይ የሚቆይ በሽታ ነው። ስለዚህ ጤና ጣቢያው ከሁለት አንዱን መምረጥ ነበረበት። ወይ በሩን ዘግቶ ኮሮናን ብቻ ይጠብቃል፤ ወይ በሩን ከፍቶ ሰዉን ይለያል። የመረጠው ሁለተኛውን ነው።

የመጀመሪያው ለውጥ የተጀመረው ከውጭ በር ነው። በር ላይ የእጅ መታጠቢያና ሳሙና ተቀመጠ። አንድ ባለሙያ ቆሞ የእያንዳንዱን ሰው ሙቀት ይለካል፤ ሳል፣ ትኩሳት፣ የትንፋሽ ማጠር እንዳለ ይጠይቃል። ምልክቱ ያለበት ሰው ወደ ግቢው ሳይዘልቅ በስተጎን ወዳለው ልየታ ይሄዳል። ልየታው የተሠራው በድንኳን ነው። ያ ድንኳን የማን እንደነበረ ታስታውሳላችሁ፤ ለቅሶ መሰብሰቢያ የሆነው የእኛው የእድር ድንኳን ነበር። ዕቃ ቤት ተጠቅልሎ ከሚቀመጥ ብለን ከወንበሩ ጋር ሰጠን፤ ሦስት ጎኑ ክፍት ሆኖ አየር እንዲገባው ተደርጎ ተተከለ።

ሁለተኛው ለውጥ የወረፋው ነው። ኮሪደር ውስጥ መጠበቅ ቀረ። ወንበሮቹ ወደ ግቢው ወጥተው በሁለት እርምጃ ርቀት ተደረደሩ፤ መስኮቶች ቀኑን ሙሉ ተከፍተው ዋሉ። አንዲት የሰፈራችን እናት እንደ ልማዳቸው ከወዳጃቸው አጠገብ ሊቀመጡ ሲሉ ሲስተሯ፣ «እማማ፣ ዛሬስ ፈንጠር ብለው ይቀመጡልኝ፤ ጨዋታውን በስልክ ያደርሱታል» ብትላቸው፣ «አንቺ ልጅ፣ በስልክማ ጨዋታ ይጣፍጣል?» ብለው እየሳቁ ተነሡ። እንዲህ በፍቅር የተነገረ ነገር ከቁጣ ይልቅ ሰው ያስተምራል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ለውጥ የመድኃኒት አሰጣጡ ነው። የቆየ ሕመም ያለበት ሰው በየወሩ መመላለሱ ለእሱም ለሌላውም አደጋ ሆነ። ስለሆነም ሕመሙ የተረጋጋለት ሰው የሦስት ወር መድኃኒት አንድ ጊዜ እንዲወስድ ተደረገ። ለኤችአይቪ መድኃኒት ተጠቃሚዎች የስድስት ወር ቀጠሮ በአገራችን ከወረርሽኙ በፊት የተጀመረ ስለነበር ልምዱ አዲስ አልሆነም። የሳንባ ነቀርሳ ሕመምተኛም በየቀኑ መጥቶ ባለሙያ ፊት ከመዋጥ ይልቅ መድኃኒቱን ወደ ቤት ወስዶ በስልክ እየተጠየቀ እንዲከታተል ሆነ። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ስልክ ይደወልለታል፤ ስልክ የሌለው ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ቤቱ ድረስ ትሄድለታለች። እነዚሁ ባለሙያዎች በሚያዝያ 2012 ዓ.ም. በከተማችን በተደረገው የቤት ለቤት ልየታ ሙቀት እየለኩ ከበር በር የዞሩት ናቸው።

አራተኛው የእናቶችና የሕፃናት ነገር ነው። ማዋለጃው አንድም ቀን አልተዘጋም። ለሕፃናት ክትባት የተለየ ቀንና የተለየ በር ተሰጠ፤ እናቶችም በአንድ ጊዜ እንዳይጎርፉ በሰዓት ተከፋፈሉ። በአገር ደረጃም ቢሆን በወረርሽኙ ምክንያት ተላልፎ የነበረው የኩፍኝ ክትባት ዘመቻ እዚያው ወረርሽኙ መሐል ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ተጀምሮ ተካሂዷል። ብልህነት ማለት ይኼ ነው። ኩፍኝ በተጨናነቀ ሰፈር ውስጥ ሕፃናትን እንዴት እንደሚፈጅ ለእናንተ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ የሚል ቢኖር፣ የሌላውን አገር ዕጣ ማየት ነው። ከ2006 እስከ 2008 ዓ.ም. በጊኒ፣ በላይቤሪያና በሴራሊዮን የተነሣው ኢቦላ ከ11,000 በላይ ሰው ገድሏል። ነገር ግን ሕዝቡ ክሊኒክ በመፍራቱና ባለሙያዎችም በማለቃቸው፣ በወባ፣ በኩፍኝ፣ በነቀርሳና በወሊድ የሞተው ሰው ብዛት ቀላል አልነበረም። ወረርሽኝ በሁለት እጁ ይመታል። በአንዱ እጁ ራሱ ይገድላል፤ በሌላው እጁ የሕክምናውን በር ዘግቶ ሌላ በሽታ እንዲገድል ያደርጋል። የመጀመሪያውን እጅ የያዙት ሆስፒታሎቹ ነበሩ። ሁለተኛውን የያዘው የሰፈር ጤና ጣቢያ ነው።

ክትባቱም ሲመጣ በዚሁ በር ነው የመጣው። በአገራችን መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ የመጀመሪያው ሕመምተኛ በተገኘ ልክ በዓመቱ፣ መሰጠት ተጀመረ። ከጤና ባለሙያዎች ቀጥሎ ቅድሚያ ያገኙት አረጋውያንና የቆየ ሕመም ያለባቸው ነበሩ። ጤና ጣቢያው እነዚህን ሰዎች ፈልጎ ለማግኘት አልተቸገረም፤ መድኃኒት ሲሰጥ ስማቸውንና ስልካቸውን መዝግቦ ይዟልና። የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. የአደጋው ጊዜ ማብቃቱን ሲያስታውቅ፣ በአገራችን በበሽታው መሞታቸው ተመዝግቦ የታወቀው ከ7,500 በላይ ነበሩ። ነፍሳቸውን ይማር።

አሁን ወደ እድራችን እንመለስ። በዚያ ጊዜ እኛም ልማዳችንን ለውጠናል። ጡሩምባ ተነፍቶ ሰፈር በአንድ ድንኳን መሰብሰቡ ቀርቶ፣ ጥቂት ሰው ቀብሮ ሌላው በስልክ አጽናና። ለቅሶ መድረስ ለለመደ ሕዝብ ይህ ከባድ ነበር። ሐዘንተኛ ብቻውን ሲቀመጥ ማየት አንጀት ይበላል። ሆኖም ወግን ማሳጠር ሰው ማዳን እንደሆነ ስለተረዳን ቻልነው። በኤችአይቪ ክፉ ዘመንም ቢሆን ብዙ የከተማችን እድሮች ከቀብር አልፈው በሽተኛ ጠይቀዋል፤ ወላጅ የሞተባቸውን ሕፃናት ደግፈዋል። ስለዚህ እድር ለሕያዋን መሥራቱ አዲስ ነገር አይደለም።

የጤና ኮሚቴው ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ ያቀርባል።

አንደኛ፣ የቆየ ሕመም ያለባቸው አባላት በፈቃዳቸው ብቻ ስማቸውና የሚጠራላቸው ቤተሰብ ስልክ በየቀጠናው ተጠሪ ዘንድ ይመዝገብ። የበሽታቸው ዓይነት መጻፍ አያስፈልግም፤ «ክትትል አለው» ማለት ይበቃል። የሰው ምሥጢር የሰው ነውና፣ መዝገቡን ከተጠሪውና ከጸሐፊው በቀር ማንም አያየውም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ማን መድኃኒት እንደሚያስፈልገው ከቤት ቤት ስንፈልግ አንውልም።

ሁለተኛ፣ ድንኳኑና 50 ወንበር በአደጋ ጊዜ ጤና ጣቢያው በጠየቀ ዕለት ያለ ኪራይ እንዲሰጥ በመተዳደሪያ ደንባችን ይጻፍ። በ2012 የሰጠነው በዳኛው በጎ ፈቃድ ነበር። በጎ ፈቃድ ከሰው ጋር ያልፋል፤ ደንብ ግን ይቀራል።

ሦስተኛ፣ ከዓመቱ መዋጮ ከመቶ አምስት እጅ ተለይቶ፣ መድኃኒት መግዣ ወይም ወደ ሕክምና መሄጃ ላጣ አባል ያለ ወለድ የሚበደርበት ሣጥን ይቋቋም። ብድሩ በስድስት ወር ይመለሳል።

በኮሚቴው ውስጥ እንኳ በዚህ በሦስተኛው ላይ ሁላችንም በአንድ ቃል አልተስማማንም። አንድ አባታችን፣ «ይህ ገንዘብ አባቶቻችን ለከፈን ያዋጡት ነው፤ ለኪኒን ብንበትነው የሞት ቀን ምን እንላለን?» ብለዋል። ቃላቸውን ሳንቀንስ እዚህ ያመጣነው ክብደት ስላለው ነው። የእድር ገንዘብ የተቀደሰ ገንዘብ ነው፤ ድሀው «ስሞት አላፍርም» ብሎ ከጉሮሮው ነጥቆ ያዋጣው ነው። ስለዚህ የቀብሩ ተቀማጭ እንዳይነካ፣ ሣጥኑም ባዶ በሆነ ጊዜ ብድር እንዲቆም በሐሳቡ ውስጥ አስገብተናል። እንዲያም ሆኖ ለእኚህ አባት የምንመልሰው አለን። ደም ግፊቱ መድኃኒት አጥቶ አንድ አባወራ ቢወድቅ እድሩ የቀብሩን ወጪ ሳያመነታ ይከፍላል። ያ ወጪ የሦስት ወር ኪኒን ዋጋ ስንት እጥፍ እንደሆነ ገንዘብ ያዣችን ያውቃሉ። የልጆቹን ዕንባ ደግሞ በብር የሚተምነው የለም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ጤና ጣቢያው ያን ክፉ ጊዜ ያለፈው በሐኪም ብዛት ወይም በመሣሪያ ብዛት አልነበረም። ያለውን በር፣ ያለውን ወንበር፣ ያለውን ስልክ እንደ ጊዜው አድርጎ ስላዘጋጀ ነው። እኛም ያለን ይኸው ድንኳን፣ ወንበር፣ መዝገብና እርስ በርስ መተዋወቅ ነው። የሚቀጥለው ወረርሽኝ መቼ እንደሚመጣ ቀጠሮ አይሰጠንም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

ሦስቱ ሐሳቦች ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ በአንድ ድምፅ ይሰጥባቸዋል። የሚቃወምም የሚደግፍም እጁን ከማውጣቱ በፊት በየቤቱ ክኒን የሚውጠውን ሰው አንድ ጊዜ ያስብልን።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይጠብቅልን።